ሯጭም ይታመማል

አይሁዳዊው ሊቅና ሐኪም ማይሞኒደስ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ ሆኖ ባዘጋጀው የሃይማኖት ሕግ ድርሰቱ፣ የዛሬ ሐኪም ሊፈርምበት የማይደፍረውን ዋስትና ሰጥቷል። ሰውነቱን እያንቀሳቀሰ የሚያደክም፣ ከልክ በላይ የማይበላና ሆዱ የማይደርቅበት ሰው ዕድሜ ጠግቦ እስኪሞት ድረስ በሽታ አያገኘውም፤ ለዚህም ዋሱ እኔ ነኝ ይላል። ወዲያው ግን ቃሉን ያጥረዋል። ሲፈጠር ጀምሮ አካሉ ጉድለት ያለበት፣ ከልጅነቱ በመጥፎ ልማድ ያደገ፣ ቸነፈር ወይም ድርቅ የመጣበት ሰው ዋስትናው አይመለከተውም። በዘር የሚወረሰው ሁሉ ከወጣ፣ አስተዳደግ ከወጣ፣ ወረርሽኝና ረሃብም ከወጡ በኋላ ዋሱ የሚጠየቅበት ዕዳ ብዙ አይደለም። ማይሞኒደስ ግን ይህን ያደረገው ለማታለል አልነበረም። አጥብቆ የሚመክር ሰው ሁሉ የሚገጥመው ችግር ገጥሞት ነው፤ ምክሩ እውነት መሆኑን ያውቃል፣ እውነትነቱ ግን እያንዳንዱን ሰው በየግሉ እንደማያድን ደግሞ ያውቃል።

አዘውትሮ ስፖርት መሥራት የመታመማችንን ብዛት ይቀንሳል ወይ የሚለው ጥያቄ ለሐኪሞች ብቻ የሚተው ይመስላል። ጥያቄው ግን ሌላ ጥያቄ አዝሎ ይመጣል። ይቀንሳል ካልን የታመመው ሰው ስንፍናውን ነው የታመመው ወደሚል ድምዳሜ እንንሸራተታለን፤ አይቀንስም ካልን ደግሞ ሁሉም በዕድል ነው ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። ሁለቱም መንገዶች በዕለት ንግግራችን ውስጥ አሉ። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የምንል ሰዎች፣ በዚያው አፋችን «ቀኑ ካልደረሰ ምንም አይሆንም» እንላለን። የሁለቱ ግጭት የሚፈታው አንዱን በመጣል አይመስለኝም። ሁለቱንም ትክክለኛ ቦታቸው ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። እንቅስቃሴ ከበሽታ ይከላከላል የሚለው እውቀት ነገን ለሚያስብ ሰው ምክር ይሆናል፤ ትላንትን ለሚመረምር ሰው ግን የፍርድ ማስረጃ መሆን አይችልም። ይህን ለማሳየት አስቀድሞ እውቀቱ ራሱ ምን ያህል እንደሚዘልቅ ማየት ያስፈልጋል።

ነገሩን በቁጥር ከመረመሩት ቀደምት ሐኪሞች አንዱ እንግሊዛዊው ጄሪ ሞሪስ ናቸው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች መረጡ። በአንድ አውቶቡስ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት የቀጠራቸው ሁለት ሰዎች አሉ፤ ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፣ ትኬት ቆራጩ ደግሞ ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ1953 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ትኬት ቆራጮቹ በልብ ደም ሥር ሕመም የሚያዙት ከሾፌሮቹ ባነሰ ቁጥር እንደሆነ፣ ሲያዙም ሕመሙ እንደሚቀላቸው አሳዩ። ውጤቱ ዓለምን አነጋገረ። ሞሪስ ግን በዚያ አልረኩም። በ1956 የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ መዝገብ አስወጥተው የሱሪያቸውን የወገብ ልክ ሲያስተያዩ፣ ሾፌሮቹ ገና ከጅምሩ ወገባቸው ሰፋ ያለ ሆኖ ተገኘ። ታዲያ ልዩነቱን ያመጣው ወንበሩ ነው ወይስ ወደ ወንበሩ የሄደው ሰው? ይህ የሱሪ ልክ ከዚያ በኋላ የመጣውን ጥናት ሁሉ ይከተለዋል። ስፖርት የሚሠራ ሰው ጤነኛ ሆኖ ሲገኝ፣ ስፖርቱ ጤና ሰጥቶት ይሁን ጤናው ስፖርት አስችሎት፣ በማየት ብቻ መለየት አይቻልም።

በልብ ላይ የተነሳው ጥያቄ ለጉንፋንና ለመሰሎቹም ይነሳል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ ኒማን በ2011 ባሳተሙት ጥናት 1,002 ጎልማሶችን በመኸርና በክረምት ለ12 ሳምንታት ተከታትለዋል። በሳምንት አምስት ቀንና ከዚያ በላይ የሚንቀሳቀሱት በመተንፈሻ አካል ሕመም ያሳለፏቸው ቀናት፣ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በታች ከሚንቀሳቀሱት በ43 በመቶ አንሰው ተገኙ። ቁጥሩ ደስ ያሰኛል፤ የሱሪው ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ጥያቄውን የሚመልሰው ሰዎችን በዕጣ መድቦ መፈተን ነው። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ብሩስ ባሬትና ባልደረቦቻቸው በ2012 ያወጡት ሙከራ ይህንኑ አደረገ። ዕድሜያቸው 50ና ከዚያ በላይ የሆነ 149 ሰዎችን በሦስት ቡድን መድበው፣ አንዱን ለስምንት ሳምንት ስፖርት፣ ሌላውን የተመስጦ ልምምድ አሠልጥነው፣ ሦስተኛውን እንዳለ ተዉት። በአንድ የብርድ ወቅት፣ ምንም ካልተደረገላቸው 51 ሰዎች መካከል 40 ጊዜ ሕመም ተመዘገበ፤ ስፖርት ከሠሩት 47 ሰዎች መካከል ደግሞ 26 ጊዜ። የሕመም ቀናቱ ሲደመሩ በአንድ ወገን 453፣ በሌላው 241 ሆኑ። በ2018 የወጣው፣ 413 ሰዎችን የያዘው ተከታይ ሙከራ ግን ልዩነቱን ጠበብ አድርጎ አሳየ።

ቀጥሎ ከሁሉም ጥንቁቅ የሆነው ምስክር ይመጣል። የሕክምና ሙከራዎችን እያሰባሰበ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2020 ባወጣው ግምገማ 14 ሙከራዎችን፣ 1,377 ጎልማሶችን አንድ ላይ አይቷል። በድምሩ ሲታይ፣ ስፖርት አንድ ሰው በዓመት በመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን የሚያዝበትን ጊዜ ብዛት እንደሚቀንስ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። የሕመሙን ክብደትና ሰዎቹ በክትትሉ ወቅት የታመሙባቸውን ቀናት ግን ሊቀንስ ይችላል፤ ማስረጃው ራሱ ጠንካራ እንዳልሆነ ገምጋሚዎቹ አልሸሸጉም። ኮቪድ በመጣ ጊዜም ተመሳሳይ ነገር ታየ። በደቡብ ካሊፎርኒያ 48,440 ሕሙማንን የተመለከተና በ2021 የታተመ ጥናት፣ ከመታመማቸው በፊት ዘወትር ተቀምጠው የሚውሉት ሰዎች፣ በሳምንት 150 ደቂቃ ከሚንቀሳቀሱት ይልቅ ሆስፒታል የመተኛትም የመሞትም ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቷል። ይህም በዕጣ የተመደበ ሙከራ ስላይደለ የሱሪው ጥያቄ እዚህም አለ። ሆኖም ከሁሉም አቅጣጫ የሚመጣው ምስክርነት ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ የሚንቀሳቀስ ሰውም ቫይረሱ ይይዘዋል፣ ሲይዘው ግን ብዙ ጊዜ ቀለል ይልለታል። የሰውነት አሠራርም ይህን የማይመስል አያደርገውም። ስንንቀሳቀስ በሽታን የሚዋጉ ነጭ የደም ሴሎች ከየተደበቁበት ወጥተው በደም ውስጥ ይበዛሉ፤ ካረፍን በኋላም ወደየሕብረ ሕዋሱ ይሠማራሉ። ልብና ሳንባም ከለመዱት ሥራ የተነሳ ለክፉ ቀን የሚሆን ትርፍ አቅም ይይዛሉ።

ታሪኩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ብዙ መሥራት ሁልጊዜ ይበልጥ አለመጥቀሙ ነው። በ1987 የሎስ አንጀለስ ማራቶን ሯጮች ላይ ኒማን ባደረጉት ጥናት፣ ውድድሩን ከሮጡት መካከል 12.9 በመቶ የሚሆኑት በቀጣዩ ሳምንት በኢንፌክሽን እንደታመሙ ሲናገሩ፣ ተመሳሳይ ልምድ ኖሯቸው ካልተወዳደሩት ግን 2.2 በመቶው ብቻ ነበሩ። ከዚህ ተነስቶ ከባድ ድካም የሰውነትን መከላከያ ለሰዓታት በሩን ያስከፍተዋል የሚል ሐሳብ ተስፋፋ። በ2018 ግን የባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ጆን ካምቤልና ጄምስ ተርነር ሐሳቡን ተቃወሙ። ከሩጫ በኋላ በደም ውስጥ የሚያንሱት ሴሎች አልጠፉም፣ ወደ ሥራ ቦታቸው ሄደው ነው፤ ሯጩን የሚያሳምመው የሕዝብ ግፊያው፣ ጉዞው፣ እንቅልፍ ማጣቱና ጭንቀቱ ሊሆን ይችላል አሉ። ክርክሩ ቢቀጥልም ለእኛ ጉዳይ አንድ ነገር አስተምሮናል። በሕመምና በእንቅስቃሴ መካከል ያለው መስመር ቀጥ ያለ አይደለም፤ ብዙ ሌሎች መስመሮችም ያቋርጡታል።

አሁን ወደ ፍርዱ ጥያቄ መመለስ ይቻላል። የዊስኮንሲኑን የመጀመሪያ ሙከራ፣ ማለትም ለስፖርት ወገን የሚያደላውን ውጤት እንውሰድ። የስፖርተኞቹና ምንም ያልተደረገላቸው ሰዎች ሕመም ሲደመር 66 ጊዜ ነው። አንድ ሰው እያንዳንዱን ታማሚ እያየ «ይሄማ ስፖርት የማይሠራ ነው» እያለ ቢፈርድ፣ ከ66ቱ 26 ጊዜ ይሳሳታል፤ ከአሥር አራት ጊዜ ገደማ ማለት ነው። ከአሥር ተከሳሾች አራቱን ያለ ጥፋታቸው የሚፈርድባቸውን ዳኛ ማንም በወንበሩ አያቆየውም። ያው ሙከራ ግን ከብርዱ በፊት «ምን ላድርግ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ጥሩ መልስ ይሰጣል። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው። ስለ ብዙ ሰዎች በአማካይ እውነት የሆነ ነገር፣ አንድ ሰው የሚመርጠውን መንገድ ሊያሳየው ይችላል፤ ይህ አንድ ሰው ለምን እንደታመመ ግን አይነግረንም። በመጽሐፈ ኢዮብ የምናገኛቸው የኢዮብ ወዳጆች ስሕተት በትክክል ይኸው ነበር። ጽድቅ መልካም ነው፣ ክፋት ጉዳት ያመጣል የሚለው ትምህርታቸው ለኑሮ መመሪያነት የሚናቅ አይደለም። የወደቁት ትምህርቱን ገልብጠው፣ የኢዮብን ቁስል አይተው ኃጢአቱን በማንበባቸው ነው። መጽሐፉ ሲዘጋ ተግሣጹ የደረሰው ለእነርሱ ነው። ሲወለድ ጀምሮ ዕውር ስለነበረው ሰውም ደቀ መዛሙርቱ እርሱ ነው የበደለ ወይስ ወላጆቹ ብለው ሲጠይቁ፣ ክርስቶስ ሁለቱንም ግምት አልተቀበለም። የዘመናችን የኢዮብ ወዳጆች ኃጢአትን አያነሡም፤ እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት አስረው ስለ ኮሌስትሮል ይጠይቃሉ። የሚያስቡበት መንገድ ግን ያው ነው።

ለዚህ የአበበ ቢቂላ ሕይወት የታወቀ ማስረጃ ነው። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ሰው፣ ከቶኪዮው ኦሎምፒክ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ በትርፍ አንጀት ሕመም ተይዞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በዚያን ወቅት በምድር ላይ ከእርሱ የበለጠ የሠለጠነ ሰውነት ያለው ሰው ቢፈለግ በቀላሉ አይገኝም ነበር፤ ትርፍ አንጀቱ ግን ይህን አላወቀለትም። በጥቅምት 1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጽሞ የዓለምን ምርጥ ሰዓት ሲያስመዘግብ፣ ከስለቱ ያገገመበት ፍጥነት የዘመናት ልምምዱ ፍሬ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ልምምዱ ሕመሙን አላስቀረም፤ ከሕመሙ መነሣትን ግን አቅልሎለት ሊሆን ይችላል። ከአምስት ዓመት በኋላ በመኪና አደጋ ሽባ ሆነ፤ በ1973 ደም በአንጎሉ ውስጥ ፈስሶ በ41 ዓመቱ አረፈ። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው «ስፖርት ምን ሊጠቅም» ቢል ተሳስቷል፤ «ጠንካራ ሰው አይታመምም» ቢልም እንደዚሁ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል። ሁሉም በፈጣሪ እጅ ከሆነ፣ የምንታመምበትም የምንድንበትም ቀን የተጻፈ ከሆነ፣ በማለዳ ተነሥቶ መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ መውጣት መውረድ ምን ይረባል? ይህ ጥያቄ ከእኛ ዘንድ አልጀመረም። የጥንት ግሪኮች የሰነፍ ክርክር ብለው ያውቁታል፤ ምሳሌውም ከሕመም የተወሰደ ነበር። መዳንህ የተወሰነ ከሆነ ሐኪም ብትጠራም ባትጠራም ትድናለህ፣ መሞትህ የተወሰነ ከሆነም እንዲሁ፤ ስለዚህ ሐኪም መጥራት ከንቱ ነው ይላል። የስቶይኮቹ ፈላስፋ ክሪሲጶስ መልሱን ሰጥቷል። ከተወሰነ፣ የተወሰነው መዳንህ ብቻውን ሳይሆን ሐኪም መጥራትህም አብሮ ነው፤ ፍጻሜው ያለ መንገዱ አልተጻፈም። የሃይማኖት አባቶችም ከዚህ የራቀ ነገር አላስተማሩም። በቅዱሳት መጻሕፍታችን ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሲራክ ሐኪሙን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ ፈጣሪ ነው የሚል ሐሳብ ይዟል። በእስልምናም ግመልህን እሰር፣ ከዚያ በአላህ ተመካ የሚለው የነቢዩ ምክር በሰፊው ይታወቃል። መታመንና መጠንቀቅ የሚጋጩት፣ መታመንን ያለ ሥራ ተስፋ፣ መጠንቀቅንም ከፈጣሪ ጋር የሚደረግ ውል አድርገን ስንቆጥር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተቃራኒው ወገን ይመጣል፤ የበለጠም ይከብዳል። አማካዩ እውነት ከሆነ፣ እየቻለ ያልሠራ ሰው ለሕመሙ የተወሰነ ኃላፊነት የለበትም ወይ? ለሕክምናው ወጪ የሚያዋጣው ጎረቤትና ማኅበረሰብስ የመጠየቅ መብት የለውም? በመርሕ ደረጃ አለው ሊባል ይችላል። ጥፋተኛ ለማለት ግን ሦስት ነገር መረጋገጥ አለበት፤ ሰውየው ማወቁ፣ መቻሉ፣ ደግሞም ይህ ሕመሙ ከዚያ ጉድለቱ የመጣ መሆኑ። ሦስተኛው ለአንድ ግለሰብ እንደማይረጋገጥ አይተናል። ሁለተኛው ደግሞ ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ በኑሮ የታጠረ ነው። በ2021 የታተመና በኮፐንሃገን ከ104,000 በላይ ሰዎችን የተመለከተ ጥናት፣ በትርፍ ጊዜ የሚደረግ እንቅስቃሴ ከልብ ሕመምና ከሞት መቀነስ ጋር ሲያያዝ፣ በሥራ ላይ የሚደረገው ከባድ የጉልበት ልፋት ግን ከመጨመር ጋር እንደተያያዘ አሳይቷል። ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ሸክም በጀርባዋ ተሸክማ ቁልቁል የምትወርድ ሴት በቂ እንቅስቃሴ አታደርግም የሚላት የለም። የጎደላት ዕረፍት፣ የምትመርጠው ሰዓትና ሸክሙን የምታስቀምጥበት ዕድል ነው። በጠዋት ሶምሶማ የሚወጣው ሰው ላብና የእርሷ ላብ በሰውነት ላይ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም። ወባው ከትንኝ፣ ታይፎይዱ ከተበከለ ውኃና ምግብ ነው የሚመጣው፤ ማንም በሩጫ አያመልጣቸውም። ስለዚህ ጥያቄው ወደ ኃላፊነት ከሄደ፣ ከታማሚው አልጋ በፊት የእግረኛ መንገድ የሌለው ሰፈር፣ ንጹሕ ውኃ የማይደርስበት ቀበሌ፣ ዕረፍት የማይሰጥ አሠሪ ጋ መድረስ አለበት።

ሦስተኛው ተቃውሞ የደከመ ሰው ተቃውሞ ነው። ዋስትና ከሌለ፣ ሯጭም ከታመመ፣ ለምን እንለፋ? እዚህ ላይ ገበሬን ማሰብ ይበቃል። በጊዜው ያርሳል፣ ያርማል፤ በረዶ ወርዶ ማሳውን ቢያጠፋበት ሰነፍ ነው የሚለው የለም፤ በረዶ ሊወርድ ይችላል ብሎም ማረሱን አይተውም። ሥራው ትክክል የሚሆነው በመከሩ ብቻ ተመዝኖ አይደለም። የሃይማኖት ባህላችንም ያለ ውል የሚደረግ የአካል ልፋትን ያውቃል። በሰሞነ ሕማማት በስግደት የሚወድቅና የሚነሣ ምእመን፣ ጉልበቱ ሊጠነክር ይችላል፤ የሰገደው ግን ለዚያ አይደለም፤ ቢታመምም ስግደቴ ከሰረ አይልም። የታመመው ደግሞ በአቅሙ ይደረግለታል፤ ሙስሊሙም መቆም ካቃተው ተቀምጦ፣ መቀመጥ ካቃተው ተኝቶ ይሰግዳል። ግዴታው በአቅም ይለካል እንጂ ሰውን በአቅም ማጣቱ አይከስስም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ለሰውነት ልምምድ ጥቅሙን አልነፈገውም፤ ከመንፈሳዊው ጋር አስተያይቶ መጠኑን ነገረው እንጂ። ይህ መጠን ትክክል ይመስለኛል። ሰውነታችን በአደራ የተሰጠን ከሆነ፣ የአደራ ጠባቂ የሚጠየቀው ስለ ጥበቃው ነው፤ ከአቅሙ በላይ የመጣ ዘራፊ ቢወስድበት አይፈረድበትም።

እንግዲህ መልሱ ይህ ነው። አዘውትሮ መንቀሳቀስ በጉንፋን የምንያዝበትን ጊዜ ብዛት እንደሚቀንስ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ሕመሙን እንደሚያቀልልን፣ የሕመሙንም ቀናት እንደሚያሳጥርልን፣ ልባችንንም እንደሚያግዝ ለማመን ግን በቂ ምክንያት አለን። ይህ በሳምንት 150 ደቂቃ ለማዋል የሚበቃ ምክንያት ነው፤ ሰው ላይ ለመፍረድ ግን አይበቃም። ከዚህ የሚከተል የምግባር ደንብም አለ። ስለ ስፖርት የሚሰጥ ምክር ቦታው ጤነኞች በተሰበሰቡበት፣ ትምህርት ቤት፣ መሥሪያ ቤት፣ የከተማ ፕላን በሚወጣበት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የዳነ ሰው ደግሞ ራሱ ሲጠይቅ ሐኪሙ ይነግረዋል። በሽተኛ ልንጠይቅ የሄድን ዕለት «እንቅስቃሴ ብታደርግ ኖሮ» የሚለው ቃል እውቀት ይመስላል፤ በማስረጃው ሲመዘን ግን ከአሥር አራት ጊዜ ገደማ ሐሰት ሊሆን የሚችል ክስ ነው። «እግዚአብሔር ይማርህ» ማለት ግን ምንም ማስረጃ አይጠይቅም፤ ለሮጠውም ላልሮጠውም እኩል ይገባል።